«ሰው የመታኝ መስሎኝ ዞር አልኩ»፦ ኮምቦልቻ ጀምሮ ደሴ ላይ የታወቀ የአንጎል ዙሪያ መድማት

ጉዳዩ ለምን ይመዝገብ?

ድንገት የሚጀምር ከባድ ራስ ምታት እኛ ዘንድ ብዙ ስም አለው። ምች ይባላል። ታይፎይድ ይባላል። «ግፊቷ ተነስቶ ነው» ይባላል። አንዳንዴ ግን ራስ ምታቱን ያመጣው አንጎልን በሚያለብሱ ስስ ሽፋኖች መካከል የፈሰሰ ደም ነው። ያኔ የተሳሳተው ስም ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ይህ ጉዳይ ኮምቦልቻ ጀምሮ፣ ደሴ ላይ ታውቆ፣ አዲስ አበባ ላይ ታከመ። ደሴ ላይ ታማሚዋን ካዩ ሐኪሞች አንዱ ነኝ። እሳቸውም ልጆቻቸውም እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ስም የለም፤ ማንነትን የሚያሳብቁ ጥቃቅን ነገሮችም ወጥተዋል ወይም ተቀይረዋል።

ታማሚዋ

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ እናት ናቸው። ኮምቦልቻ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። ደም ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው ዓመታት አልፈዋል። ኪኒን ጀምረው ነበር። «ደህና ስሆን ጊዜ ተውኩት» አሉን። ይህን መልስ ደሴ ውስጥ በየቀኑ እንሰማዋለን።

ሲጋራ አጭሰው አያውቁም። ጫት አይቅሙም። ስኳር የለባቸውም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አይወስዱም። በቅርቡ አልወደቁም፣ ራሳቸውንም አልተመቱም። ይህን የመጨረሻውን አጥብቀን ጠየቅን። በአንጎል ዙሪያ ደም እንዲፈስ ከሚያደርጉ ነገሮች ቁጥር አንድ አደጋና ምት ነውና። ምት ከሌለ ደሙ በራሱ የፈሰሰ ነው፤ መነሻውም ሌላ ቦታ ይፈለጋል።

ስለ ቤተሰብ ሲጠየቁ መጀመሪያ «ምንም የለም» ብለው ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ከዓመታት በፊት እርሻ ላይ «ራሴን» ብለው ወድቀው በዚያው ቀን መሞታቸው የተሰማው ዘግይቶ ነው። ቤተሰቡ የሚያውቀው የሰው ዓይን እንደበላቸው ነበር። በሽታ ተብሎ ስላልተቆጠረ በበሽታ ጥያቄ አልወጣም። «በቤተሰብ ድንገት የሞተ ሰው አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው የወጣው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ጠዋት ሱቅ ከፍተው የበርበሬ ጆንያ ለማንሳት ጎንበስ አሉ። በዚያችው ቅጽበት ማጅራታቸውን አንድ ነገር መታቸው። «ከኋላዬ ሰው የመታኝ መስሎኝ ዞር አልኩ» ነው ያሉት። ማንም አልነበረም። ሕመሙ ወዲያው መላ ራሳቸውን ያዘ። አስመለሳቸው። ከዚያ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ጎረቤቶች ውሃ ረጭተው ሲያነቋቸው ጥቂት ደቂቃዎች አልፈው ነበር።

ፀሐይ ስለነበር ጎረቤቱ «ምች ነው የመታት» አለ። ዳማ ከሴ ተጨመቀ፣ ታሸ፣ ተጠጣ። ዳማ ከሴው ጉዳት አላደረሰባቸውም። ያ ቀን ግን በዚያው አለፈ። አንድ አኑሪዝም፣ ማለትም ሳስቶ የተነፋ የደም ሥር ግድግዳ፣ ከፈነዳ በኋላ ዳግም የመድማት ዕድሉ ከሁሉም በላይ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው።

በማግሥቱ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዱ። ግፊታቸው 180 በ100 ነበር። «ምን አመመዎት?» ተባሉ። «ራሴን፣ ያስመልሰኛል» አሉ። ደም ተወሰደ። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ፖዘቲቭ ሆነ። ፀረ ተሕዋስያን ታዘዘ፤ ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ ተወጉ። ግፊቱ ከሕመሙ የመጣ ነው ተብሎ ወደ ቤት ተላኩ።

ክሊኒኩን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምጽፈው። በቀን ስንት ሰው እንደሚያዩ አውቃለሁ። ግን ሁለት ነገር መታየት አለበት። አንደኛው ዊዳል ነው። ይህ ምርመራ ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚያሳየው። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ድሮ የተያዘ ሰው ዛሬም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ «ታይፎይድ ነው» ማለት አያስችልም፤ የተሻለው ተሕዋሱን ከደም አብቅሎ የሚያሳየው የደም ካልቸር ነው። ሁለተኛው ዳይክሎፌናክ ነው። የዚህ ወገን ማስታገሻዎች ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን የፕሌትሌቶችን ሥራ ያዳክማሉ። መድማት ለተጠረጠረ ሰው ፓራሲታሞል ይሻላል።

በሦስተኛው ቀን መጠነኛ ትኩሳት መጣ። ቤተሰቡ «ይኸው ታይፎይዱ» አለ። እዚህ ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ተወሳሰበ። በአንጎል ዙሪያ የፈሰሰ ደም ሽፋኖቹን ያስቆጣል። ከሰዓታት እስከ ቀናት ባለው ጊዜ ማጅራት ይደርቃል፣ ቀላል ትኩሳትም ሊኖር ይችላል። ደሙ ከፈሳሹ ጋር ወደ ታች ወርዶ የወገብ ነርቮችን ሲነካ ወገብና እግር ያማል። እሳቸውም በአራተኛው ቀን «ወገቤ ተቆረጠ» ማለት ጀመሩ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የወገብ ሕመም። ለታይፎይድም፣ ለታይፈስም፣ ለማጅራት ገትርም ይሆናል።

በስድስተኛው ቀን የግራ ዓይናቸው ቆብ ወደቀ። ቆቡን በእጃቸው ሲያነሱት ሁሉ ነገር ሁለት ሆኖ ታያቸው። ትልቋ ልጃቸው ለሌላ መርፌ አልጠበቀችም። የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥተው ደሴ ደረሱ።

ደሴ፣ ድንገተኛ ክፍል

ንቃታቸው ሙሉ ነበር። ይናገራሉ፣ ይረዳሉ፣ እጅና እግራቸው ይሠራል። ግፊታቸው 170 በ100፣ ትኩሳቱ ቀላል። ማጅራታቸው ደርቋል፤ አገጫቸው ደረታቸውን አይነካም። የግራው ዓይን ቆብ ወድቋል፤ ዓይኑ ወደ ውጭና ትንሽ ወደ ታች ዞሯል። ብሌኑ ከቀኙ ሰፍቷል፤ ባትሪ ሲበራበት አይጠብም።

ይህ ብሌን ብዙ ነገር ተናገረ። ዓይንን የሚያንቀሳቅሰው ሦስተኛው የአንጎል ነርቭ በመንገዱ ላይ ከአንድ የደም ሥር አጠገብ ያልፋል። የኋላ አገናኝ ደም ሥር ይባላል። አኑሪዝም ከሚወድዳቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ብሌንን የሚያጠብቡት ክሮች በነርቩ ላይኛው ገጽ ላይ ናቸው። ከውጭ የሚጫን ነገር ቀድሞ የሚያገኛቸው እነሱን ነው። በስኳር ምክንያት ይኸው ነርቭ ሲጎዳ ግን ብዙውን ጊዜ ብሌኑ ይተርፋል። ስለዚህ የዓይን ቆብ የወደቀበት ሰው ብሌኑም ከሰፋ፣ በተለይ ራስ ምታት ካለበት፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ አኑሪዝም ነው ብሎ መነሳት ይገባል። ባትሪና ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈልገው። ስልክ ላይ ያለው መብራትም ይበቃል።

ቀጥሎ ታሪኩ እንደገና ከመጀመሪያው ተጠየቀ። «ራስዎን ያመዎታል?» አላልናቸውም፤ እሱን አምስት ሰው ጠይቋቸዋል። «ሲጀምርዎት ምን እያደረጉ ነበር?» አልናቸው። «ከጀመረዎት እስከ ከፋው ድረስ ስንት ጊዜ ወሰደ?»

«ምን ጊዜ አለው ልጄ፤ በአንዴ ነው እንጂ» አሉ።

ያ መልስ ነበር ቁልፉ። ማይግሬን በብዛት በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ነው እየበረታ የሚሄደው። የትኩሳት ራስ ምታትም ቀስ ብሎ ይጨምራል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጫፍ የሚደርስ ራስ ምታት ግን የደም ሥር ነገር ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ድንገት ከጀመራቸው ሁሉ የሚደሙት ጥቂቶቹ ናቸው። እነዚያን ጥቂቶች ለማግኘት ግን ሁሉንም መመርመር ያስፈልጋል።

የካናዳ ሐኪሞች ያወጡት የኦታዋ መመሪያ ለዚህ ይረዳል። ንቃቱ ሙሉ ለሆነና ራስ ምታቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለከፋ ሰው ስድስት ነገር ያያል፦ ዕድሜ 40 ወይም ከዚያ በላይ፣ የማጅራት ሕመም ወይም መድረቅ፣ ሰው ያየው ራስን መሳት፣ ጉልበት በሚፈልግ ሥራ መካከል መጀመር፣ በቅጽበት ጫፍ መድረስ፣ አንገትን ወደ ፊት ማጠፍ አለመቻል። አንዱ ካለ ምርመራ ያስፈልጋል። እኛ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው ስለተነካ መመሪያውን አልፈውት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቢጠየቁ ኖሮ ግን ከስድስቱ አምስቱን በአፋቸው ይነግሩ ነበር። ለስድስተኛው አንገታቸውን ማጠፍ ብቻ ይቀር ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ሊያሳስት ነበር። የልብን ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ኢሲጂ ሲነሳ የቲ ሞገድ የሚባሉት መስመሮች በጥልቀት ተገልብጠው ታዩ። ልብን የሚመግበው ደም ሥር ተዘግቶ ይሆን? አስፕሪን ይሰጥ? የሚል ሐሳብ ተነሣ። ሐሳቡ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የሃምሳ ዓመት ሰው ናቸው፣ ግፊት አለባቸው። ነገር ግን የአንጎል ዙሪያ መድማት ከፍተኛ የጭንቀት ሆርሞን ስለሚለቅ ልብን ይነካል፣ ኢሲጂንም ይለውጣል። የደረት ሕመም አልነበራቸውም። የራስ ምታቱ ምንጭ እስኪታወቅ አስፕሪኑ ይቆይ ተባለ። ቆየ። ደም የሚያቀጥነው ሄፓሪንም አልተነካም።

«ሲቲው ንጹሕ ነው» ሲባል

ያለ ንፅፅር መድኃኒት የጭንቅላት ሲቲ ስካን ተነሣ። ውጤቱ፦ ግልጽ ደም አይታይም፤ የአንጎል የውኃ ክፍሎች በመጠኑ ሰፋ ብለዋል።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ስሜት እፎይታ ነበር። «እንኳን ደም አልሆነ፤ የማጅራት ገትር ሕክምና እንቀጥልና እንይ» የሚል ድምፅ ተሰማ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ያለው እዚህ ነው።

ትኩስ ደም በሲቲ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጥሩ ማሽን ካለና ምስሉን ልምድ ያለው ሰው ካነበበው፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ የተነሣ ሲቲ መድማቱን ከሞላ ጎደል ሁሌም ያሳያል። ከዚያ ግን ሰውነት ደሙን እያጠበ ይሄዳል። ነጩ ይደበዝዛል። ሳምንት ሲሞላ ሲቲ ከሚደሙት ሰዎች ግማሽ ያህሉን ነው የሚያሳየው። ደም ማነስም ነጩን ያደበዝዘዋል። እሳቸው ሲቲ የተነሡት በስድስተኛው ቀን ነው። በስድስተኛው ቀን «ንጹሕ» ማለት ደም አልነበረም ማለት አይደለም። አልታየም ማለት ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። በሲቲ መጠየቂያ ወረቀት ላይ «ራስ ምታት» ብሎ ብቻ መላክ በቂ አይደለም። ሕመሙ የጀመረበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ። ምስሉን የሚያነበው ባለሙያ ስድስተኛ ቀን መሆኑን ካወቀ «ደም የለም» ብሎ አያቆምም። በእኛም ጉዳይ ይህ ሲነገረው ምስሉን እንደገና ከፈተ። የውኃ ክፍሎቹ መስፋት የደሙ ውጤት ሊሆን ይችላል፤ ፈሳሹ የሚመጠጥባቸውን ቦታዎች ደም ሲዘጋ ውኃው ይጠራቀማል። የጀርባ ውኃ እንዲታይ ራሱ ሐሳብ አቀረበ።

የጀርባ ውኃው

ከጀርባ ውኃ መውሰድ ሲባል ልጅቷ ደነገጠች። «ዶክተር፣ ከዚያ በኋላ እማዬ ሽባ ትሆናለች ይላሉ» አለች። ይህ ፍርሃት ሰፊ ነው፤ በችኮላ አይታለፍም። ሕብለ ሰረሰር በአዋቂ ሰው ላይ የሚያበቃው ወገብ ሲጀምር፣ በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ነው። በወንበር ጀርባ ላይ አጥንቶቹን እየቆጠርን አሳየናት። እጢ ወይም ትልቅ ጫና እንደሌለ ሲቲው አስቀድሞ አሳይቷል፤ ንጹሑ ሲቲ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ሆነ። አጎቷን በስልክ አማከረች። ከዚያ ታማሚዋ ራሳቸው «ይውሰዱልኝ፤ አላህ ያውቃል» አሉ።

ፈሳሹ በጫና ወጣ። በተከታታይ አራት ቱቦዎች ተቀዳ። አራቱም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ቀላ ያሉ፣ ወደ ቢጫ የሚያደሉ። መርፌው በመንገዱ ትንሽ ደም ሥር ነክቶ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ቱቦ ቀይ ሆኖ አራተኛው እየጠራ ይሄዳል። ይህ ልዩነት ብቻውን ግን አይበቃም። ወሳኙ ቀለሙ ነው።

ቀይ የደም ሴል በጀርባ ውኃ ውስጥ ሲፈርስ ሂሞግሎቢኑ ይለቀቃል። ሰውነት እሱን ወደ ቢሊሩቢን ይለውጠዋል። ቢሊሩቢን ቢጫ ነው። ይህ ለውጥ የሚሆነው በሰውየው ሰውነት ውስጥ ብቻ ነው፤ ቱቦ ውስጥ አይሆንም። ጊዜም ይፈልጋል፣ 12 ሰዓት ገደማ። አንዴ ከመጣ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ሲቲ በሚደክምባቸው ቀናት የጀርባ ውኃ የሚበረታው ለዚህ ነው። ውኃው ቶሎ ሴንትሪፉጅ በሚባለው ማሽከርከሪያ መዞር አለበት። ቱቦው ከብርሃን ይሸፈን፤ ብርሃን ቢሊሩቢንን ያጠፋዋልና።

የላቦራቶሪው ባለሙያ አዞረው። ቀይ ሴሎቹ ታች ቀሩ። ከላይ የቀረውን ንጹሕ ውኃ ከሞላበት ተመሳሳይ ቱቦ ጎን፣ ከነጭ ወረቀት ፊት ያዝነው። ቢጫ ነበር፣ ግልጽ ቢጫ። በዓይን ማየት ቀለምን እንደሚለካው መሣሪያ፣ እንደ ስፔክትሮፎቶሜትር፣ የጠራ አይደለም፤ የፕሮቲን መብዛትና የዓይን ቢጫነት የሚያመጣ ሕመምም ፈሳሹን ቢጫ ያደርጋሉ። የእሳቸው ጉበት ደህና ነበር። ነጭ ሴሎቹ በጥቂቱ ነበር የጨመሩት፤ ስኳሩ ልክ ነበር፤ በግራም ቀለም ተሕዋስ አልታየም። የወባ ምርመራውም ነጌቲቭ ነበር። ፀረ ተሕዋስያኑ ካልቸሩ እስኪመጣ ቀጥሎ ከዚያ ቆመ።

የአንጎል ዙሪያ መድማት እንደነበር ታወቀ። የደማው ከየት ነው የሚለው ቀረ።

መንስኤውን ፍለጋ

ያለ ምት ከሚደሙ መቶ ሰዎች 85 ያህሉ የሚደሙት ከአኑሪዝም ነው። ደም ሥር ቅርንጫፍ በሚያወጣበት ቦታ ግድግዳው ሳስቶ፣ ወደ ውጭ ተነፍቶ፣ አንድ ቀን የሚፈነዳ እብጠት ነው። ከአዋቂዎች 3 በመቶ የሚሆኑት ሳያውቁት አላቸው፤ አብዛኛው አይፈነዳም። ግፊት፣ ሲጋራና የቤተሰብ ታሪክ አደጋውን ያባብሳሉ። ሴቶች ላይ ይበዛል። ኩላሊታቸው ላይ በውርስ ብዙ የውኃ ከረጢት የሚወጣባቸው ሰዎችም ይበልጥ ያጋጥማቸዋል። በእሳቸው ላይ ግፊቱ፣ ፆታው፣ የወንድማቸው ሞትና የሰፋው ብሌን ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ጠቆሙ።

አሥር ያህሉ በመሐል አንጎል ፊት ለፊት ብቻ ደም ይታይባቸዋል፤ አኑሪዝም አይገኝም፤ መጨረሻውም ብዙ ጊዜ መልካም ነው። ቀሪዎቹ አምስት የተለያዩ ናቸው። በተፈጥሮ የተተበተቡ ደም ሥሮች፣ የተሰነጠቀ የደም ሥር ግድግዳ፣ ከወሊድ በኋላ ወይም በአንዳንድ መድኃኒት የሚኮማተሩ ደም ሥሮች፣ የአንጎል ደም መላሽ ሥር መዘጋት አሉ። በሽማግሌዎች ላይ ደም ሥሩን የሚያሳሳ ፕሮቲን ይከማቻል።

አንዱ ላይ ልቆይ፤ እኛ አገር ይመለከተናልና። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ ልባቸው የተጎዳ ወጣቶች ብዙ ናቸው። የልብ በራቸው በተሕዋስ ሲያዝ ከዚያ የሚነቀል ፍርፋሪ አንጎል ደርሶ የደም ሥር ግድግዳ ይበላል። ያም ይፈነዳል። ስለዚህ ደሙ የፈሰሰበት ወጣት ከሆነ፣ ትኩሳትም ካለው፣ ልቡን አዳምጡ፤ የደም ካልቸር ሳትወስዱ ፀረ ተሕዋስያን አትጀምሩ። ለልብ በር ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም ካለ መድኃኒቱን ጠይቁ። የእሳቸው ልብ ድምፁ ንጹሕ ነበር።

ደም ሥሮቹን የሚያሳየው ሲቲ አንጂዮግራፊ እንዲሠራ ወደ አዲስ አበባ መላክ ተወሰነ። ቢገኝ እዚያው የሚዘጋው የነርቭ ቀዶ ሐኪም አለና።

ጉዞው

ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳግም ሊደማ የሚችል ሰው ይዞ ያን ያህል መሄድ ቀላል አይደለም። ያልተዘጋ አኑሪዝም በመጀመሪያው ወር ውስጥ ከሦስት ሰው አንዱን ገደማ ዳግም ያደማል፤ ሁለተኛው መድማት ከመጀመሪያው ይብሳል። ስለዚህ ከመነሳት በፊት መረጋጋት ቀደመ። የላይኛው ግፊት ከ160 በታች እንዲሆን ተደረገ፤ አንጎል ደም እንዳያጣም በኃይል አልተጣለም። ፓራሲታሞል፣ የማስታወክ መከላከያ፣ ሆድ የሚያለሰልስ ተሰጠ፤ ማማጥ ግፊት ይጨምራልና። ጠያቂ ተቀነሰ። ይህ ወሎ ውስጥ ከባዱ ትእዛዝ ነበር። ዘመድ ሳይጠይቅ መቅረት ነውር ነው። ልጅቷ በር ላይ ቆማ አንድ በአንድ እያስረዳች መለሰቻቸው።

ኒሞዲፒን የሚባለው መድኃኒት ያስፈልጋል። በየ4 ሰዓቱ 60 ሚሊ ግራም፣ ለ21 ቀናት። ከመድማቱ በኋላ ደም ሥሮች ሲኮማተሩ የሚመጣውን ጉዳት ይቀንሳል። በጠየቅናቸው መድኃኒት ቤቶች በዚያ ቀን አልተገኘም። ዘመድ አዲስ አበባ ገዝቶ ጠበቃቸው። የተጀመረውም በስምንተኛው ቀን ነው፤ እስከ አራተኛው ቀን መጀመር ነበረበት።

ከመነሳታቸው በፊት ተቀባዩ ሐኪም በስልክ ተነገረው። ወረቀቱ ላይ የጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ የብሌኑ ሁኔታ፣ የሲቲው ቀን፣ የጀርባ ውኃው ቀለም ተጻፈ። በአምቡላንስ ከሲስተር ጋር ሄዱ። አልጋ ተይዞላቸው ነበር።

የግራው የኋላ አገናኝ ደም ሥር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ አኑሪዝም ታየ። በዘጠነኛው ቀን ራስ ቅል ተከፍቶ የአኑሪዝሙ አንገት በክሊፕ፣ በትንሽ መቆንጠጫ፣ ተያዘ። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ያለ ነው። ከደም ሥር ውስጥ ገብቶ በስስ ጥቅልል ሽቦ መሙላትም ይቻላል፤ ለየትኛው ታማሚ የትኛው እንደሚሻል ቅርጹና ቦታው ይወስናሉ።

በአሥረኛው ቀን ቀኝ እጃቸው ደከመ፤ ቃል መፈለግ ጀመሩ። ደም ሥሮቹ ተኮማትረው ነበር። ይህ ከአራተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ የሚጠበቅ ነው። አኑሪዝሙ ተዘግቶ ስለነበር ፈሳሽ ተጨምሮ ግፊታቸው ከፍ እንዲል ተደረገ። እጁ ተመለሰ።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው፣ ታሪኩን በጊዜ መጠየቁ፣ ብሌኑን ማየቱ፣ አስፕሪኑን ማቆየቱ፣ ሲቲውን በቀኑ ልክ መመዘኑ፣ የጀርባ ውኃውን በሥርዓት ማዞሩ፣ ስልኩ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው ሲቲው ብቻ ነው።

ያልሠራው፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቀናት። ዊዳሉ ሌላውን ሁሉ ሸፈነው። ግፊቱ ተለክቶ ምንም አልተባለበትም። ራስን መሳታቸው በክሊኒኩ ካርድ ላይ የለም፤ ያየው ጎረቤት አብሮ አልሄደም። መድኃኒቱም ዘገየ። እሳቸው በሕይወት መትረፋቸው ዕድልም አለበት። ከሚደሙት ውስጥ ሆስፒታል ሳይደርሱ የሚሞቱ ጥቂት አይደሉም፤ ወንድማቸው ምናልባት ከእነሱ አንዱ ነበሩ።

አሁን ኮምቦልቻ ናቸው። የዓይን ቆባቸው በወራት ውስጥ ተነስቷል፤ ብሌኑ ግን እስካሁን ትንሽ ሰፊ ነው። ቶሎ ይደክማሉ። ዋጋ ይረሳሉ፤ መዝገብ የምትይዘው ልጃቸው ናት። የግፊት ኪኒኑን አያቋርጡም።

ለሌላ ክሊኒክ የሚሆን

በየጤና ጣቢያው ሲቲ ይኑር ማለት አይቻልም። ጥያቄው ግን ይቻላል። ራስ ምታት ላለው ሁሉ፦ በስንት ጊዜ ጫፍ ደረሰ? ምን እያደረጉ ነበር? ራስዎን ስተው ነበር? ማን አየ? አንገቱን አጥፉ፣ ብሌኑን በመብራት እዩ። መልሱ «በአንዴ» ከሆነ የዊዳል ውጤት ምንም ቢሆን በዚያው ቀን ላኩ። ዳይክሎፌናክ አትውጉ። የጀመረበትን ሰዓት ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ሩቅ አይደለም፤ በ6 ሰዓት ውስጥ መድረስ ይቻላል።

ሲቲው ከ6 ሰዓት በኋላ ተነሥቶ ንጹሕ ከሆነና ታሪኩ ጠንካራ ከሆነ ጉዳዩ አልተዘጋም። ከ12 ሰዓት በኋላ የጀርባ ውኃ ይታይ። ቀኑ በጣም ካለፈ፣ ሁለት ሳምንት ከሞላ፣ የጀርባ ውኃውም ይደክማል፤ ያኔ ደም ሥሮቹን በቀጥታ ማየት ይሻላል።

የቤተሰቡ ነገር ቀርቷል። ሁለት የቅርብ የሥጋ ዘመድ ላይ አኑሪዝም ከተገኘ ለሌሎቹ ምርመራ ይመከራል። እዚህ የተረጋገጠው የእናትየው ነው፤ የወንድማቸው ጥርጣሬ ብቻ ነው። ልጆቹ ተመክረዋል፦ ግፊት ይለኩ፣ ሲጋራ አያጭሱ፣ ድንገተኛ ራስ ምታት ካለ በዚያው ሰዓት ይምጡ። ትልቋ ልጅ ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ኪኒን ጀምራለች። አንጂዮግራፊውን ገንዘብ ሲሞላላት ታነሳለች፤ ቀጠሮዋ ከእናቷ ቀጠሮ ጋር አንድ ቀን ተደርጎላታል።